ጅራት ያበቀለ ድንጋይ

አዛውንቱ የከዋክብት ተመራማሪ የኮምፒውተሩን ስክሪን በእጅጌያቸው ጠረጉ። አንዱ አንዱን እየዞረ ከኖሩት መንታ የሰማይ ድንጋዮች ኋላ የተዘረጋው ነጭ ጭረት ግን ንቅንቅ አላለም። «ጋሼ፣ አቧራ እኮ አይደለም» አለቻቸው ባልደረባቸው። «ውስጣቸው የነበረው በረዶ እየተነነ ነው።» «ድንጋይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጅራት የሚያበቅለው?» ብለው ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። የሰሞኑን ፎቶዎች በተርታ ከፈተችላቸው። አንደኛው ድንጋይ ከመንታው ተላቆ ብቻውን ቀርቶ ነበር። ከፎቶ ፎቶ ካለበት ፈቀቅ አላለም፤ እየደመቀ ብቻ ሄደ።

አዛውንቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ቦታውን ሳይለቅ የሚደምቅ ነገር ወደሚያየው ሰው እየመጣ መሆኑን ያስተማሯት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ቀና ብለው ሲያዩዋት፣ እጅጌዋን ስባ ስክሪኑን ደጋግማ ትጠርግ ነበር።