ከተማ ሀ ወይስ ከተማ ለ

የጂኦግራፊው መምህር ወር ሙሉ ልባቸው ሁለት ሆኖ ከረመ። ወደ ሌላ ከተማ የመዛወር ዕድል መጥቶላቸው፣ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን "እሄዳለሁ" ወይም "እቀራለሁ" ብለው ለርዕሰ መምህሯ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ጠዋት ይሄዳሉ፣ ማታ ይቀራሉ። በመጨረሻ ባለቤታቸውን ሰለቻቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ የትም ብትለኝ እከተልሃለሁ። ብቻ ወስንና ወይ ዕቃዬን ልሸክፍ ወይ አርፌ ልቀመጥ" አሏቸው።

መምህሩ በራሳቸው ይጠራጠሩ ይሆናል እንጂ በቁጥር አይጠራጠሩም። አንዲት የአስርዮሽ ነጥብ የዘለለ ተማሪ አምስት ማርክ ይቀነስበታል፤ ተማሪዎቹም ከጀርባቸው "ጋሽ ነጥብ" ይሏቸዋል። ዓርብ ዓርብ ድንገተኛ ፈተና፣ ለእረፍት ቀናት ደግሞ የቤት ሥራ አይቀርም። ጭካኔ አይደለም። ፍቅራቸው የሚወጣው በዚያ በኩል ነው፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ያምናሉ።

ሰኞ ዕለት የሁለት ከተሞችን መረጃ በሰንጠረዥ አዘጋጅተው ክፍል ገቡ። አድልዎ እንዳይኖር የከተሞቹን ስም ደብቀው፣ የሚኖሩባትን ከተማ "ሀ"፣ መዛወሪያዋን "ለ" ብለዋታል። አውቶቡስ ስንት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ውሃ በቀን ስንት ሰዓት ይመጣል፣ ለአንድ ሰው ስንት ካሬ መናፈሻ ይደርሰዋል፣ ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል። ለእያንዳንዱ መለኪያ ክብደት ስጡ፣ አባዙ፣ ደምሩ፣ ለኑሮ የምትሻለውን ሐሙስ ንገሩኝ አሉ። በልባቸውም ያሸነፈችውን ከተማ ሊመርጡ ማሉ።

ማክሰኞ የዝውውር ደብዳቤያቸውን ከስም መጥሪያው መዝገብ ውስጥ አገኙት። ክፍል ውስጥ ረስተውት ነው ያደሩት። ለሁለት ያጠፉት ወረቀት ለአራት ታጥፏል።

ልጆቹ አንብበውታል ማለት ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። በእረፍት ሰዓት የሚወጣ ጠፋ። መምህሩ ብቅ ሲሉ ሹክሹክታው ቀጥ ይላል፣ ወረቀቱ ይገለበጣል። የክፍሉ አለቃ፣ ምላሷ የሰላ ልጅ፣ ረቡዕ ዕለት እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ከዚህ ከተማ ሀ ድረስ በአውቶቡስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

ሀ የገዛ ከተማዋ መሆኗን ያላወቀች መምሰሏ ነው፤ ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ይሏል ይኼ ነው። መምህሩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ እሱ አይነገርም አሏት። እሷም አንገቷን ደፍታ የሆነ ነገር ጻፈች።

ሐሙስ ውጤቱ ተሰጣቸው። ከተማ ሀ በሦስት ነጥብ አሸንፋለች። መምህሩ ሰንጠረዡን ቤታቸው ወስደው በጣታቸው መስመር በመስመር ተከተሉት። ሀ በእጅጉ የምትበልጥበት መናፈሻ ከመቶ አርባ ክብደት ተሰጥቶታል፤ ምክንያቱ ሲነበብ "ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መንሸራሸር ይጠቅማል" ይላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዝቅ ሲሉ ደግሞ የአውቶቡሱን መስመር አገኙ። በከተማ ሀ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይጠበቃል ብለው የሰጡት፣ ሁለት ደቂቃ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያንኑ አውቶቡስ የዚያን ዕለት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቆመው ጠብቀውታል።

ቀይ እስክሪብቷቸውን አነሱ። ይቺ ሁለት ግን አንጀታቸውን በላቻቸው፤ እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡት። በሥራ ዘመናቸው ስህተት አይተው ሲያልፉ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ባለቤታቸው የመምህሩ ዓይን እንባ ማቅረሩን አይተው ምን እንደሆኑ ጠየቋቸው።

"ልጆቹ ቁጥር አጭበረበሩልኝ" አሉ መምህሩ። "እኔ አላወቅሁም እንጂ፣ ለካ ይወዱኛል።"

ዓርብ ጠዋት "እቀራለሁ" ብለው ፈረሙ። ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሯ በእጃቸው ሰጥተው፣ ደረታቸውን ነፍተው ክፍል ገቡ። ደብዳቤውን ማንበባቸውን እንደሚያውቁ ለልጆቹ ነገሯቸው። አልተቆጡም። ስሌቱን እንደመረመሩት፣ ከተማ ሀ እንዳሸነፈች፣ እሳቸውም በውጤቱ መሠረት ከተማ ሀን መርጠው እንደፈረሙ ተናገሩ።

ክፍሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ተቃቀፉ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አጥልቀውት ዛሬ ፈተና የለም ሲሉ ጭብጨባው እንደ አዲስ ቀለጠ።

የክፍሉ አለቃ ከኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር እየጎተተች መጣች። "ሁላችንም ተባብረን ነው መምህር" አለች። መምህሩ ጋዜጣውን ቀደዱት። ባለ ጎማ፣ አዲስ የጉዞ ሻንጣ ነው። እጀታው ላይ ከክፍሉ ባማረው የእጅ ጽሑፍ የተጻፈች ካርድ ተንጠልጥላለች።

"መድረሻ፦ ከተማ ሀ።"