ዞር በሉ!

አትክልተኛው ዐረብ አገር፣ ዑረይጃ በሚባል ሰፈር፣ አሠሪዎቹ በሌሉበት ግቢ፣ ከደረቀው ቁርቁራ ሥር ቆመ። የመጋዙን ባትሪ ሳያስገባ ሰንሰለቱን በጓንት ጎተት አደረገው፤ አልላላም። መነጽሩን አጠለቀ፣ ባትሪውን አስገብቶ መቁረጥ ጀመረ። ግንዱ ሲንቋቋ መጋዙን አጥፍቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ሰው እንደሌለ እያወቀ፣ እንደ አገሩ ዛፍ ቆራጮች፣ «ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ። በዚህ ግቢ አማርኛ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«ዞር ብያለሁ፣ ወንድሜ!» አለች አንዲት ሴት ከግንቡ ማዶ።

ዛፉ ተዘረረ። ከማዶ አንድ ሰው ሴትዮዋን በዐረብኛ ጠራት፤ በር ተዘጋ። ድምፅ እንዳይጋርድበት ይመስል ባትሪውን ከመጋዙ ነቀለና አዳመጠ። የሚወድቅ ዛፍ አልቀረም።

«ዞር በሉ!» ሲል እንደገና ጮኸ።