አንድ ስልክ ብቻ

ገዱ ቆንቋና ነው። ደባርቅ ውስጥ ወፍጮ ቤት ካላቸው ሁሉ እንደሱ የፈሰሰ ዱቄት ከወለል ጠርጎ የሚሰበስብ የለም ይባላል። ስለዚህ የዲሹን ትልቁን ፓኬጅ ሳያጉረመርም፣ ቀኑ ሳይደርስ ማሳደስ ሲጀምር ሚስቱን ማንጠግቦሽን ነገሩ አላምር አላት።

ትልቁን ፓኬጅ ያስገባው ልጃቸው ቃለ አብ ነበር። ያኔ ገዱ «ትንሹ ምን አነሰው?» እያለ ሲነጫነጭ ከረመ። ቃለ አብ አዳማ ሄጄ ሕንፃ ሥራ ልግባ ሲል ደግሞ የተቆጣችው ማንጠግቦሽ ነበረች። የአባቱን ወፍጮ ትቶ የሰው ብሎኬት ሊሸከም! «ከሄድህ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው። ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም፤ እሷም አልደወለች። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰ አገር ያውቃል።

ደህና መሆኑን ግን ታውቃለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ፊልም የሚያሳየው አፕ ሲከፈት ሁለት ስም ይመጣል፤ አንዱ «ቤት»፣ አንዱ «ቃለ አብ»። የልጇን ስም ስትከፍት የጀመረውን ተከታታይ ድራማ የት ላይ እንዳቆመ ይታያል። ዛሬ ከትናንቱ አልፎ ሄዶ ስታገኘው «እሰይ» ትላለች። ከዚያ «ቤት» ወደሚለው ትመለስና እሱ እስከደረሰበት ክፍል ድረስ እሷም ታያለች። ሲታረቁ የሚያወሩት እንዲኖራቸው ነው። ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ስለሆነች ሌላ ሥራም የላት። ለሕፃኗ ክርስትና ከነኩርፊያው እንደሚመጣ እርግጠኛ ናት።

ባሏ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። እሷ ከወለደች ብዙም ሳይቆይ የመሬት ጉዳይ አለብኝ ብሎ ደረስጌ፣ የትውልድ አገሩ ሄደ፤ ሰንብቶ መጣ። በዚያው ሰሞን ቃለ አብም ድራማውን ሳይነካው ቆየ፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላ ዝም አለች። ገዱ ከተመለሰ ወዲህ ጢሙን አይላጭም። በዚህ ዕድሜው መዘነጥ አምሮት! አመሻሽ ላይ ወፍጮው ሲቆም በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል። ስታስጠራው ስልኩን ኪሱ እየከተተ ይወጣል።

ባለፈው ደግሞ ጤፍ አስፈጭቶ፣ ዱቄቱን በመኪና ጭኖ እንደገና ደረስጌ ሄደ። ለማን ነው ብትለው ለቤተ ክርስቲያን ነው አላት። ጧፍ ሲሰጥ እንኳ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውዬ!

ጎረቤቷ ገበያነሽ በየቀኑ አጥሚት ይዛላት ትመጣለች፤ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጉንፋን ነው እያለች። የሰፈሩ ሴቶች በረንዳው ላይ ሲያወሩ ይቆዩና ማንጠግቦሽ ብቅ ስትል ጸጥ ይላሉ። በመጨረሻ ገባት። ሁሉም ያውቃሉ። ለአራስ ክፉ ወሬ አይነገርም ብለው ነው የደበቋት። ደረስጌ ሴት አለችው። ፓኬጁንም ያለ ምክንያት አልወደደውም፤ አፑን ለዚያች ሴት ሰጥቷት ይሆናል።

ዲሽ የሚገጥመውን ሙሰዓብን አስጠራችው። እሱም ሪሞቱን ተቀብሎ እያሳየ አስረዳት። ትንሹ ፓኬጅ ቻናል ብቻ ነው፤ መካከለኛው ኳስ ይጨምራል፤ ፊልምና ድራማ ያለበት አፕ አብሮ የሚመጣው ከትልቁ ጋር ብቻ ነው። ወደ ትንሹ ከወረዱ አፑ ይዘጋል። የሚሠራውም በቤቱ ቴሌቪዥንና በስልክ ነው።

«በስንት ስልክ?»

«በአንድ ስልክ ብቻ፣ እትዬ። ሌላ ሲገባ የመጀመሪያው ይወጣል።»

«አሁን የማን ስልክ ነው ያለበት?»

ሙሰዓብ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ ገዱን ቢጠይቋቸው ይሻላል» አለና የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ወጣ።

እሱም ያውቃል ማለት ነው። ያም ሆኖ ማንጠግቦሽ ትንሽ ቀለል አላት። አንዱ ስልክ የልጇ ነው፤ ስለዚህ ያቺ ሴት አፑ ውስጥ የለችበትም። ታዲያ ባሏ ወፍጮ ቤቱን ዘግቶ የሚያወራው ከማን ጋር ነው?

ልቧ ቆረጠ። ሕፃኗን ክርስትና ታስነሳና ዳባት ወንድሟ ቤት ትገባለች። ቃለ አብ ሲመጣ ሁሉን ትነግረዋለች፤ ልጇ ከጎኗ ይቆማል። እናትና ልጅ ተኳርፎ አይቀርም።

የክርስትናው ዋዜማ ደረሰ። ጠላው ተጠምቋል፤ ሰው ከሩቅም ከቅርብም እየገባ ነው። ዘንድሮ ዘመዱ ሁሉ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ የሚስቅ የለም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሷ ግን ብቅሉን አልጠበቀችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የወፍጮው ድምፅ ቆመ። ሕፃኗን ለገበያነሽ ሰጥታ ጋቢዋን ተከናነበች።

ገበያነሽ ክንዷን ያዘቻት። «በማርያም፣ ነገ ይለፍ» አለቻት።

ያ ነገሩን ጨረሰው። ክንዷን አስለቅቃ ግቢውን አቋረጠች። ገዱ በሩን መቀርቀር ረስቶ ነበር። ዱቄት በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ማን ናት?» አለችውና ስልኩን ከእጁ መነጨቀችው።

አልታገላትም። ከተቀመጠበትም አልተነሣም።

«እስከ ነገ ብቻ ነበር» አላት። «ክርስትናዋ እስኪያልፍ።»

ስልኩን ወደ ራሷ አዞረችው። የሴት ስም የለበትም፤ የሴት ፎቶም የለበትም። ድምፁ የተዘጋ ድራማ ይሄዳል፤ ዛሬ ጠዋት ካየችው ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው።

ከላይ ስም ተጽፎበታል፤ ቃለ አብ።