የተጨመረችው ስንኝ

እሁድ ከሰዓት በኋላ የስደተኞቹ ማኅበር አዳራሽ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ የመጨረሻውን ዘፈን የምትዘፍነው መረዋ ነበረች። ስሟ አይደለም፤ ለድምጿ ያወጡላት ነው። በሥራ ቀን ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። እሁድ እሁድ ግን ያጡትን አገር ትመልስላቸዋለች።

ከወንዙ ማዶ ነው ግቢዬና በሬ፣
ልጆች ጠብቁልኝ እስክመጣ ዞሬ።

"ልጆች" የተባሉት ድልድዩን ሲጠብቁ ያለቁት ወታደሮች ናቸው። ታናሽ ወንድሟ አንዱ ነበር። እነሱ ባለቁ ማግስት አገሩ ከነቤቱ ከነመቃብሩ የጠላት ሆነ። የተረፈው አዛዣቸው ሻምበል ብቻ ነው፤ ቆስሎ ከወንዙ ዳር አገኙት።

ሻምበሉ አሁን የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ቀኝ ክንዱ አይታዘዝለትም። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። የመረዋ እናት ስትገባ ግን ብድግ ብሎ በግራ እጁ ወንበር ይስብላታል። አሮጊቷ ቀና ብላ አታየውም። ዘፈኑ ተጀምሮ ሰው ሁሉ ሲቀበልም ከንፈሯን አትከፍትም።

"እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረሽን ብትዪ ምናለ?"

"ተዪኝ ልጄ፣ እኔ አይሆንልኝም።"

መረዋም አትጫናትም። የልጅ ሐዘን ነው።

አንድ ቀን ላውንደሪው አዲስ ሾፌር ቀጠረ። የአገራቸው ሰው ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከድልድዩ ራቅ ብሎ በሌላ ጦር ውስጥ ነበር። የአንሶላውን ጋሪ እየገፋ ጨዋታ ጀመረ።

"ጠላቶቹ ድልድዩን ፊት ለፊት ገጥመው የያዙት ይመስልሻል እህቴ? ታች በመልካው ተሻግረው ነው ከጀርባ የመጡባቸው።"

"በመልካው?" አለች መረዋ፣ ካውያውን አቁማ። "ልጆች ሆነን እንዋኝበት ነበር እኮ። ውሃው ሲያዩት ጥልቅ ይመስላል፤ የማያውቀው ሰው አይደፍረውም።"

"እንግዲያው የሚያውቅ አሳይቷቸዋል። ነገሩ ከውስጥ ነው ይባላል። ግን ማን ይነግረናል? የተረፈ የለ።"

"አንድ ሰው ተርፏል" አለች።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። የሻምበሉ ደግነት ሁሉ አንድ በአንድ ተገለበጠባት። ወንበር የሚስበው ሕሊናው እየወጋው ነው። ስለዚያ ቀን ሲጠይቁት ዝም የሚለው በደሉ አፉን ስላሰረው ነው። ከኋላ የሚቀመጠው፣ የሟች እናቶችን ፊት ማየት ስለማይችል ነው።

ለሽማግሌ ብትነግር በእርቅ ያልቃል። እርቅ አልፈለገችም። በሽጉጥ የተመታ ሰው አንዴ ይሞታል፤ በዘፈን የተመታ ግን ሕፃናት ሳይቀሩ ይጫወቱበታል። ስንኟን ከካውያው እንፋሎት መሃል፣ አንሶላ በተኮሰች ቁጥር፣ ቃል በቃል አወጣቻት።

እሁድ ደረሰ። መረዋ የለመዱትን ዘፈነችላቸው። ሕዝቡ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሲቀበል ድንገት ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዓይኗንም በሩ ላይ ተከለች።

ወንዝ ያሻግረኛል ብሎ ቢከተለው፣
አሳልፎ ሰጠው፣ ልጁ ምን በደለው?

መሃል ላይ ሁለት ልጆቿን ድልድዩ ላይ ያጣች ሴት "ወይኔ ልጆቼን!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ተነሳ። "ሻምበል፣ ይቺ ነገር ወደ እርስዎ ናት። ምን ይላሉ?"

ሻምበሉ ቆመ። ሊቀመንበሩን አላየም። ፊት ለፊት የተቀመጠችውን የመረዋን እናት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። አሮጊቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

"የምለው የለኝም" አለ።

ሲወጣ አንዷ ተፋችበት። መረዋ ስንኟን ደገመቻት፤ በዚህ ጊዜ ሕዝቡም አብሯት አለ።

ዘፈኗ ከአዳራሹ ወጥታ ሰፈር ለሰፈር ዞረች። የስደተኞቹ ልጆች የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አዜሙለት። ነጋ ጠባ ወላጅ ሲያማርር ትምህርት ቤቱ አሰናበተው። ባለሱቁ ሰላምታ ነሳው። አከራዩ ቤቱን ለዘመድ እፈልገዋለሁ አለው። ሻምበሉ ለማንም መልስ አልሰጠም።

መረዋ ይህን ሁሉ እየሰበሰበች ለእናቷ ታመጣላት ጀመር።

"እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ተነስታ ሄደች አሉ።"

እናት ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያች እሁድ ጀምሮ አልጋ ይዛለች።

"የልጅሽን ደም መለስኩልሽ እኮ! ደስ አይልሽም?"

እናት ብርድ ልብሷን እስከ ራሷ ሳበች።

ክረምቱ ሳይወጣ ሻምበሉ በሳንባ ምች ሞተ። ከማኅበሩ ማንም ቀብር እንዳይሄድ ተባለ፤ ሬሳውን የሚሸከሙት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው። መረዋ ዜናውን እየሮጠች አመጣችው። በሩን ስትከፍት እናቷ ጥቁር ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ ቆማ አገኘቻት።

"ወዴት ነው?"

"ቀብር።"

"የማንን ቀብር?" መረዋ በሩን በጀርባዋ ዘጋች። "የልጅሽን ገዳይ? ከነሕመምሽ ተነስተሽ ልትቀብሪው ነው? እኔ ቆሜ አትሄጂም!"

አሮጊቷ ምርኩዟን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና የልጇን ትከሻ ያዘች።

"ዝም በልልኝ ብዬ እግሩ ላይ የወደቅኩት እኔ ነኝ ልጄ፤ ለጠላት መልካውን ያሳየው ወንድምሽ ነው።"