የአባዬ እጅ

ልጅ ሳለች ከበር ጀርባ የሰማችው ወሬ ግማሹ ጠፍቷታል፤ እናቷ «ጨረሩ ጣቶችህን ሊበላቸው ነው» ስትል፣ ሐኪሙ አባቷ ሲስቅ ብቻ ትዝ ይላታል። ዛሬ የአንድ አዛውንት ዳሌ ተሰብሮ፣ ቀዶ ሐኪሟ እሷ፣ ረዳቷ አባቷ ሆነው ቆመዋል። ትክክለኛው ቦታ ሲፈለግ ራጅ ተደጋግሞ እንዳይነሣ፣ የራጅ ማሽኑን መቆሚያ አስቀድማ ወለሉ ላይ በፕላስተር አስምራለች።

«ራጁን አንሺ እንጂ!» አላት አባቷ፣ እጁን እንደ ልማዱ ከተሰበረው ዳሌ ላይ ሳያነሣ።

«አባዬ፣ እግራቸውን አልጋው ወጥሮ ይዞታል። እጅህ እዚያ እያለ አላነሣም።»

«ኧረ ተይኝ! የእኔ ጣት ድሮ ተጠብሷል።»

«የተረፈውን ነዋ የምፈልገው!»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ቀዶ ሐኪሟ እግሯን ራጁን ከሚያስነሣው ፔዳል አራቀች። ሽማግሌው ሐኪም ፕላስተሩን አየ፣ እሷን አየ።

«ቁርጥ እናትሽን!» አለ፣ ኩራቱ ከማስኩ በላይ ዓይኑ ላይ እያበራ። ከዚያም እጁን ሰብስቦ ጨረር ከሚያግደው የእርሳስ መከለያ ጀርባ ሄዶ ቆመ።