ያገኘውን የሚለብስ ትል

የሹፌሩ ሁለተኛ ሚስት ከቤቱ በታች ያለውን ወንዝ አትወደውም። በር ስትከፍት ያጉተመትማል፣ በር ስትዘጋም ያጉተመትማል፤ ልክ ስም እንደሚጠራ ሰው።

የመጀመሪያዋ ሚስት ወደ ወንዙ እንደወረደች አልተመለሰችም። «ጥላኝ ሄደች» ይላል ሹፌሩ፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ፎቶዎቿን ቀዳዷቸዋል። ከአንዱ የተረፈው ቁራጭ ላይ የሚታየው እጇ ብቻ ነው፤ በጥቃቅን ቀይ ዶቃ የታሰረ እጅ። ከቤቱ ሁለት ቁልፎች አንዱ አብሯት ጠፍቷል።

የውሃ መርማሪ ነኝ ያለችው ሴት የመጣችው ሹፌሩ መንገድ በወጣ ማግስት ነው። ድንጋይ እየገለበጠች ትል ትለቅማለች፤ በጠርሙስ ታኖረዋለች።

«ትል ደግሞ ምን ይሠራል እትዬ?» አለቻት ሚስቲቱ።

«ቤት ነዋ! ከአፉ ክር እያወጣ አሸዋውን፣ ስንጥሩን ያጣብቃል፤ እላዩ ላይ ለብሶት ይዞራል። ክንፍ ሲያወጣ ጥሎት ይበራል።»

«ከኔ ባል ይሻላል በሉኛ! የኛ ጣሪያ ካፈሰሰ ስንት ጊዜው።»

«የጓዳው?» አለች መርማሪዋ፣ ቀና ሳትል።

«አዎ፣ የጓዳው። ትሉ አሸዋ ያጣ እንደሆነስ?»

«ምርጫ የለውም፤ ያገኘውን ይለብሳል።»

ማታ ስለ ሴትዮዋ ለባሏ በስልክ አጫወተችው።

«ቤት እንዳታስገቢያት» አለና ዘጋው።

በአራተኛው ቀን መርማሪዋ ጠርሙሱን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እነዚህን ከጥልቁ ቦታ ነው ያወጣኋቸው።»

ትሎቹ ይንፏቀቃሉ። ጀርባቸው ላይ ከአሸዋው ጋር የተጣበቀው ቀይ ዶቃ ነው።

ሚስቲቱ የተኛውን ትንሽ ልጇን ከአልጋው አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ዶቃው… ከየት መጣ?»

«ከሥር ካለው ነገር ነዋ። ባልሽ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ዛሬ ከሰዓት።»

«የኔ እህት፣ እኔ ብሆን አልጠብቀውም። ልጅ ይዘሻል። ለፖሊስ እኔ እነግራለሁ፤ አንቺ ብቻ ሂጂ።»

የልጁን ልብስ በፌስታል ጠቀጠቀችው። አንድ ጫማው ጠፋት፤ ይቅር አለች። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀችው። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው መንገድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ሚኒባሱ ሲነሳ ዞር ብላ በኋለኛው መስታወት ወደ ቤቱ አየች።

መርማሪዋ የቤቱን ደረጃ ወጥታ፣ ከኪሷ ቁልፍ አውጥታ፣ በሩን ከፍታ ገባች።