መርዶ ያልሰማው ላፕቶፕ

ሰው ራሱ መተኛት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ላፕቶፑ ይተኛለታል፣ ሕልሙንም ያልምለታል። የአስካለ አልጋም የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል።

"እንደተኛ ድርግም ብሎ ይጠፋል" አለችው ጠጋኙን ሙላትን። "ከሰኔ ወዲህ አንድም ሌሊት አልዘለቀም።"

ሙላት ከፍቶ የሕልሙን መዝገብ አነበበ። "ዕቃውስ ደህና ነው፣ እትዬ አስካለ። ግን በየሌሊቱ በር ላይ ቆሞ ፌቨን የምትባል ልጅ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ይጠብቃል። ስትቀርበት ይጠፋል። ፌቨን ማን ናት?"

"ልጄ ነበረች" አለች፣ ሰዓት ስንት ነው የተባለች ያህል። "ሰኔ ላይ ሞተችብኝ። እስካሁን አላለቀስኩም።"

ሙላት ላፕቶፑን ትክ ብሎ አየው። "እሱን እኮ መርዶ ያረዳው የለም!"

መርዶ ደግሞ ለብቻ አይሰማም። ሙላት ጎረቤቱን ሰዓት ሠሪና ባለሱቋን ጠራ፤ መጥተው ላፕቶፑን ከበው ተቀመጡ። አስካለ ጎንበስ ብላ፣ "ፌቨን አትመጣም፤ ሞታለች" አለችው።

የላፕቶፑ ማራገቢያ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጮኸ። ባለሱቋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች።

አስካለ በደረቀ ዓይኗ እያየችው፣ "አሁን ተሠራ ማለት ነው?" አለች።